ከሞኒተሩ ጀርባ የተለጠፈችው ወረቀት

የድሮው ሞኒተር ትዝ ይላችኋል? ያ ጀርባው እንደ ግመል ሻኛ ያበጠው፣ ጠረጴዛ ላይ ለማውጣት ሁለት ሰው የሚያስፈልገው? ከጀርባው አንዲት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች፡፡ የሞዴል ቁጥር፣ የቮልቱ መጠን፣ «አትክፈቱ» የሚል ማስጠንቀቂያ ተጽፎባታል፡፡ ማን ያነባታል? በ1990ዎቹ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ሊኑክስን ኮምፒውተሩ ላይ የጫነ ሰው ግን አንገቱን ጠምዝዞ፣ ባትሪ እያበራ ያነባት ነበር፡፡ የሚፈልገው ቁጥር ነው፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ በዚያ ሞኒተር ውስጥ ሥዕሉን የሚሥለው አንድ የኤሌክትሮን ጨረር ነው፡፡ ጨረሩ እንደ አራሽ በሬ ከግራ ወደ ቀኝ ትልም ያወጣል፡፡ ልዩነቱ በሬው ሲመለስም ያርሳል፤ ጨረሩ ግን ባዶውን ነው የሚመለሰው፡፡ ለመመለሻውም ጊዜ መያዝ አለበት፡፡ ስለዚህ 640 በ480 የሚባለው ሥዕል ለዓይን 480 መስመር ቢሆንም በሒሳብ 525 ነው፤ በአንዱ መስመር ላይ የምናየው 640 ነጥብም በሒሳብ 800 ነው፡፡ ይኼ ሁሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ይደገማል፡፡ 525ን በ60 አባዙት፤ በሰከንድ 31,500 መስመር፡፡ ያንን ደግሞ በ800 አባዙት፤ 25 ሚሊዮን ገደማ ነጥብ፡፡ ሞኒተሩ በሰከንድ ስንት መስመርና ስንት ሙሉ ሥዕል እንደሚችል፣ ካርዱም ስንት ነጥብ እንደሚያወጣ ካልታወቀ ሥዕል የለም፡፡

ታዲያ ይኼን ቁጥር ማን ይናገር? ዊንዶውስ ለሚጠቀም ሰው ካርዱን የሠራው ኩባንያ ድራይቨሩን በዲስክ አድርጎ ይሰጠዋል፡፡ ሊነስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1991 ላወጣው ሊኑክስ ግን ዲስክ የሚያዘጋጅ ኩባንያ አልነበረም ማለት ይቻላል፡፡ ሥዕሉን የሚያወጣለት ኤክስ የተባለው ሥርዓት ሲሆን፣ እሱም በ1984 በአሜሪካው ኤምአይቲ የተጀመረ ነው፡፡ የተሠራው ለውድ ማሽኖች ነበር፡፡ እዚያ ማሽኑንም ስክሪኑንም የሚሸጠው አንድ ኩባንያ ስለሆነ ቁጥሩን የሚያጣው የለም፡፡ ተራው ኮምፒውተር ላይ ሲመጣ ግን የአንዱ ካርድ ከሌላው ሞኒተር ጋር የሚጋባበት ገበያ ገጠመው፡፡ ኤክስን ለ386 ኮምፒውተር ያስማማው ቶማስ ሮል የተባለ ጀርመናዊ ነው፤ ሥራውም ኤክስ386 ይባል ነበር፡፡ በ1992 አራት ፕሮግራመሮች ያንን እያረሙ በነፃ ማደል ጀመሩና ስሙን ኤክስፍሪ86 አሉት፡፡ በእንግሊዝኛ «ሦስት» እና «ነፃ» ሲጠሩ ስለሚቀራረቡ በስሙ መቀለዳቸው ነው፡፡

ኤክስፍሪ86 ደግሞ ጠያቂ ነበር፡፡ ሞኒተርህ በሰከንድ ከስንት እስከ ስንት መስመር ይችላል? የካርድህ ቺፕ ማን ይባላል? ሜሞሪው ስንት ነው? መልሱ ሁሉ በአንድ ፋይል ይጻፋል፡፡ ከሞኒተሩ አቅም በላይ እንዳትጽፍ የሚል ጠንካራ ማስጠንቀቂያም ይሰጣል፡፡ ማስፈራሪያ ብቻ አልነበረም፡፡ የቆዩት ሞኒተሮች ከአቅማቸው በላይ ሲታዘዙ ያፏጩ ነበር፤ ቶሎ ካላጠፏቸው የሚቃጠሉም ነበሩ፡፡ የጽሑፍ ፋይል ዕቃ ሲያቃጥል አስቡት!

እናማ ፍለጋ ነው፡፡ መመሪያው መጽሐፍ ጠፍቷል፡፡ ከጀርባ ያለችው ወረቀት ብዙ ጊዜ ሞዴሉን እንጂ ቁጥሩን አትናገርም፡፡ ሰውየው ብሎኑን ፈትቶ የካርዱ ቺፕ ላይ የተጻፈውን ያነባል፤ ኤስ3፣ ትራይደንት፣ ሰርረስ ሎጂክ... ያገኘ ሰው ታዲያ ለብቻው አይዘውም፡፡ የየሞኒተሩ ቁጥር የተለቀመበት ፋይል ከኤክስፍሪ86 ጋር አብሮ ይታደል ነበር፡፡ ኤሪክ ሬይመንድም ሒሳቡ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ መመሪያ ጽፎ በነፃ ለቅቋል፡፡

እስካሁን ያልኩት ድካም ብቻ ነው፡፡ ክፉው ነገር ክልከላው ነበር፡፡ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዳይመንድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተወዳጅ ካርዶች ይሸጣል፡፡ የካርዱ የነጥብ ፍጥነት እንዴት እንደሚታዘዝ ግን ምስጢር ነው፤ ምስጢር ልጠብቅ ብሎ ለፈረመ ካልሆነ አይሰጥም፡፡ ኤክስፍሪ86 ኮዱን በአደባባይ የሚያድል ሆኖ ምን ብሎ ይፈርም? ፈርሞ ቢጽፈው ያው ኮዱ ላይ ይታያላ! ስለዚህ የዳይመንድን ካርዶች አንደግፍም አሉ፡፡ ካርዱን ቀድሞ የገዛው ሰው ደረሰኙን ይዞ ቀረ፡፡ በቅሎዋን ሸጦ ልጓሟን እንደማስቀረት ነው፡፡ ኩባንያው ኋላ ላይ ሐሳቡን ቢለውጥም፣ ጠባዩ በሌሎች ዘንድ ለብዙ ዓመት ቆየ፡፡ በ2012 ቶርቫልድስ በፊንላንድ አልቶ ዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ ኤንቪዲያን በጣቱ ጭምር የሰደበው በዚሁ ጉዳይ ነው፡፡ ስድቡን ጨዋነት ነው አልልም፤ ንዴቱ ግን ይገባኛል፡፡ ኤንቪዲያ የድራይቨሩን አንድ ክፍል ኮድ በግልጽ የለቀቀው በ2022 ነው፡፡ ኤኤምዲ በ2006 ኤቲአይን ገዝቶ በዓመቱ የካርዶቹን ሰነድ ማውጣት ጀምሮ ነበር፡፡

ሞኒተሩ ራሱ አፍ ያወጣው ቀስ በቀስ ነው፡፡ በ1994 አምራቾቹ በማኅበራቸው በኩል አንድ ደንብ ተስማሙ፤ ሞኒተሩ ማንነቱንና አቅሙን በ128 ባይት ጽፎ በገመዱ በኩል ለኮምፒውተሩ ይናገራል፡፡ ሊኑክስ ያንን ሰምቶ ያለ ፋይሉ በራሱ እስኪነሣ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ፡፡ በ2004 የኤክስፍሪ86 ሰዎች በፈቃድ ውል ተጣልተው ሥራው ኤክስኦርግ ወደሚባለው ቤት ዞረ፤ ከ2007 ጀምሮም ጠያቂው ፋይል ባይኖርም ሥዕሉ ይወጣ ጀመር፡፡

ዛሬም ቢሆን ርካሽ ማከፋፈያ ወይም የተጎዳ ገመድ መሀል ሲገባ እነዚያ 128 ባይቶች መንገድ ላይ ይቀራሉ፡፡ ያን ጊዜ ሰፊው ስክሪን የማይመጥነው ትንሽ ሥዕል ይዞ ይቀርና፣ ባለቤቱ ስልኩን እያበራ ከጀርባው ያለችውን ወረቀት ሊያነብ አንገቱን ይጠመዝዛል፡፡