«ፍሬን በጠሰ» ስለሚባለው አነጋገርና ስለ ቮልስዋገን ፍሬን ታሪክ

በአገራችን መንገዶች ላይ ስለሚደርሰው የመኪና አደጋ የሚያወሩ ሰዎች፣ በጋዜጣ የሚጽፉትም ጭምር፣ «መኪናው ፍሬን በጥሶ ገደል ገባ» ማለትን ያዘወትራሉ። አነጋገሩ አጭርና ቶሎ የሚገባ ስለ ሆነ፣ ከዚያ ወዲያ «እንዴት በጠሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ ልናነሣ አስበናል። መበጠስ የገመድ፣ የክርና የሽቦ ጠባይ ነው። ዛሬ በመንገድ ላይ ከሚታዩት የቤት አውቶሞቢሎች መካከል ግን በእግር የሚረገጠው ፍሬን በገመድ የሚሠራ አንድ እንኳ ማግኘት ያስቸግራል፤ ሁሉም የሚሠሩት በፈሳሽ ነው። ፈሳሽ ደግሞ አይበጠስም። ፈሳሽ ይፈሳል፣ አየር ይገባበታል፣ ይፈላል። እነዚህ ሦስቱ እያንዳንዳቸው የተለየ ምክንያትና የተለየ መከላከያ አላቸው፤ ከአደጋው በኋላ በፍርድ ፊት የሚቆመውም ሰው በእያንዳንዳቸው ሊለያይ ይችላል። ሦስቱንም «በጠሰ» በሚል አንድ ቃል ብንሸፍናቸው ምርመራው ሳይጀመር ያልቃል።

ለጥናታችን ቮልስዋገንን የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ይህች መኪና በአዲስ አበባ ለአያሌ ዓመታት ከምንም በላይ የተለመደች ስለ ነበረች ነው፤ በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱትም በቮልስዋገን እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ሁለተኛውና ዋነኛው ምክንያት ግን፣ አንዱ ፋብሪካ የገመዱንና የፈሳሹን ፍሬን ጎን ለጎን ለአሥራ ሁለት ዓመት ያህል ሲሠራ መቆየቱ ነው። የሁለቱን ዘመናት ልዩነት ለማየት ከዚህ የተሻለ ምስክር አላገኘንም። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በአየር ግፊት የሚሠራው የከባድ ጭነት መኪና ፍሬን ከዚህ ጽሑፍ ወሰን ውጭ ነው።)

የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች ፍሬን ከጋሪ የተወረሰ ነበር። ፍጥነቱ ሲጨምር ይህ አልበቃም፤ በ1902 ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖ ዛሬ በጋራዥ ቋንቋ «ታምቡር» የምንለውን ዓይነት ፍሬን አወጣ። ታምቡር ከጎማው ጋር የሚዞር ባዶ ከበሮ ነው፤ በውስጡ ሁለት የብረት ጫማዎች አሉ፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ጫማዎቹ ወደ ውጭ ተገፍተው የከበሮውን ግድግዳ ይፈትጋሉ። ብረት ብረትን ሲፈትግ ቶሎ ስለሚያልቅና ስለሚጮህ፣ እንግሊዛዊው ኸርበርት ፍሩድ ከ1897 ጀምሮ ሲመራመርበት የቆየው የፍትጊያ ልባስ ለጫማዎቹ ዋነኛ መፍትሔ ሆነ። ፍሩድ መጀመሪያ በጥጥና በመሳሰለው፣ ከ1908 ወዲህ ደግሞ በአስቤስቶስ የተሸመነ ልባስ ሠራ። የእኛ ሜካኒኮች ይህን ልባስ እስከ ዛሬ «የፍሬን ሸራ» ይሉታል፤ ስሙ ከዚያ ዘመን የተሸመነ ዕቃ ጋር እንዲህ መስማማቱ ያስደንቃል። «ፍሬን» እና «ታምቡር» የሚሉት ቃላት ግን ከኢጣልያንኛ መምጣታቸው ግልጽ ነው። ስለ አስቤስቶስ በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር እንጨምር፤ አቧራው ሳንባን የሚገድል መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ1999 የእገዳ ውሳኔ አውጥቶበታል። አሮጌ መኪና ሲፈታ በታምቡሩ ውስጥ የተጠራቀመውን አቧራ በአፍ ወይም በአየር ግፊት መንፋት ስለዚህ ፈጽሞ የማይገባ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል።

ከፔዳሉ እስከ ጫማዎቹ ኃይሉን የሚያደርሰው በመጀመሪያው ዘመን የብረት ዘንግ ወይም የሽቦ ገመድ ነበር። ችግሩ የመበጠሱ ብቻ አልነበረም። እንዲያውም ከመበጠሱ ይልቅ የሚያስቸግረው አለመተካከሉ ነው። አራት በቅሎ በአራት የተለያየ ልጓም የሚያቆም ሰው፣ አንዱ ልጓም ከሌሎቹ በጣት ያህል ቢረዝም ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም፤ መኪናውም አንደኛው ጎማ ቀድሞ ሲያዝ ወደዚያው ጎን ይሳባል። ገመዱ በአጠቃቀም ብዛት ይለጠጣል፣ በጭቃና በዝገት ይይዛል። ስለዚህ በየጊዜው አራቱንም ጎማዎች አንሥቶ፣ እያንዳንዱን በእጅ እያዞሩ ማስተካከል የግድ ነበረ።

ይህን ችግር የፈታው በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል የተገለጸ ሕግ ነው። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የተደረገ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል። አሜሪካዊው ማልኮም ሎክሂድ ይህን ሕግ ለአውቶሞቢል አዋለው። በፔዳሉ ሥር አንድ ዋና ሲሊንደር፣ በየጎማው ደግሞ ትንንሽ ሲሊንደሮች አደረገ፤ በመካከላቸው ቀጭን ቧንቧ ዘረጋ። የአራቱም ጎማ ግፊት ያለ ማንም አስተካካይ እኩል ሆነ። በ1921 የዱሰንበርግ ኩባንያ ሞዴል ኤ የተባለውን መኪና በዚህ ፍሬን አወጣ። ሆኖም የመጀመሪያዎቹ የቆዳ ማፈኛዎች ፈሳሹን ያንጠባጥቡ ስለ ነበረ፣ በ1924 የክራይስለር መሐንዲሶች በቆዳው ፋንታ የጎማ ማፈኛ አደረጉ። ዛሬ በጋራዥ «ጎሚኒ» የምንላት ትንሽ ዕቃ ከዚያ ትጀምራለች፤ የፈሳሽ ፍሬን ሕይወት በሙሉ በእርሷ ላይ የተንጠለጠለ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁሉም ሰው ግን ወዲያው አልተቀበለውም። ፕሊመዝ በ1928 ለርካሽ መኪና እንኳ የፈሳሽ ፍሬን ሲያደርግ፣ ፎርድ እስከ 1939 ሞዴል ድረስ በዘንግና በገመድ ጸንቶ ቆየ። ይህን ብዙ ጸሐፊዎች የሄንሪ ፎርድ ግትርነት አድርገው ብቻ ያልፉታል። እኛ በዚህ ፍርድ ሙሉ በሙሉ አንስማማም። በዘንግ በሚሠራ ፍሬን ላይ አንዱ ዘንግ ቢሰበር ሦስቱ ጎማዎች ይቀራሉ፤ በዚያን ጊዜው የፈሳሽ ፍሬን ላይ ግን አንዲት ቧንቧ ብትቀደድ አራቱም ጎማዎች በአንድ ጊዜ ያለ ፍሬን ይቀራሉ። ይህ ፍርሃት መሠረት ነበረው፤ መልስ ያገኘውም፣ ወደ ፊት እንደምናየው፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ወደ ቮልስዋገን እንመለስ። ፈርዲናንድ ፖርሽ መኪናዋን በ1930ዎቹ ሲነድፍ የታሰበው ዋጋ 990 ማርክ ስለ ነበረ፣ እያንዳንዱ ዕቃ በርካሽነቱ ይመረጥ ነበር፤ ፍሬኑም በአራት የሽቦ ገመድ የሚሠራ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ የፈረሰውን ፋብሪካ እንግሊዛዊው መኮንን አይቫን ኸርስት አስነሣው፤ ከ1948 ጀምሮ ሃይንስ ኖርድሆፍ መራው። ኖርድሆፍ መኪናዋን በውጭ አገር ለመሸጥ ሲያስብ የገመዱ ፍሬን እንቅፋት ሆነበት፤ በ1950 ለውጭ ገበያ የምትሠራው ዓይነት የፈሳሽ ፍሬን ተደረገላት። ርካሿ መደበኛ ዓይነት ግን እስከ 1962 ድረስ በገመድ ቀጠለች። ልብ ማለት የሚገባን፣ ወደ ፈሳሽ የተደረገው ለውጥ የዕውቀት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የዋጋና የገበያ ጉዳይ መሆኑን ነው፤ ዕውቀቱማ በ1921 ነበረ።

የፈሳሹ ፍሬን ሲመጣ የጥገናው ሥራ ጠባዩን ለወጠ። የቮልስዋገን ታምቡር 230 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ሸራው ሲያልቅ ጫማዎቹን ለማቅረብ በትንሽ ቀዳዳ በኩል በካቻቢቴ የጥርሱን ጎማ ማዞር ነው፤ ጎማው ሲያዝ ሦስት ወይም አራት ጥርስ ወደ ኋላ ይመለሳል። አየር ማስወጣት ሲያስፈልግ ከዋናው ሲሊንደር በጣም ከሚርቀው ከቀኝ የኋላ ጎማ ይጀመራል፤ ቀጥሎ የግራ ኋላ፣ የቀኝ ፊት፣ በመጨረሻ የግራ ፊት ይሆናል። ይህ ሁሉ ቀላል ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን ሌላ ቦታ ነው። በፔዳሉ ግፊት ዘንግና በዋናው ሲሊንደር ፒስተን መካከል የ1 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት። ባለ መኪናው «ፔዳሉ ባዶ ይሄዳል» ብሎ ሲያማርር፣ ደንበኛን ለማስደሰት ይህን ክፍተት የሚያጠፋ ሜካኒክ አይታጣም። ክፍተቱ ሲጠፋ ፒስተኑ ወደ ቦታው በሙሉ አይመለስም፤ ፈሳሹ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባት ትንሽ ቀዳዳ እንደ ተዘጋች ትቀራለች። ፈሳሹ በሙቀት ሲሰፋ መሄጃ ያጣል፤ ጫማዎቹን ይገፋል፤ ጫማዎቹ ሳይረገጡ ይፈትጋሉ፤ ፍትጊያው ደግሞ ሌላ ሙቀት ይጨምራል። በሜዳ ላይ ይህ የነዳጅ ብክነት ነው። በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከነተሳፋሪዎቹ 1,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል በሙሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ ሠላሳ ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ነጂው በሁለተኛ ማርሽ ከወረደ አብዛኛውን ሞተሩና ነፋሱ ይሸከሙታል፤ ማርሹን አውጥቶ ከወረደ ግን ሙቀቱ በሙሉ ለማለት ይቻላል በአራቱ ታምቡሮች ላይ ይወድቃል። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ፔዳሉ ጠንካራ ነው፤ መኪናው ግን አይቆምም። ሙቀቱ ወደ ሲሊንደሮቹ ሲያልፍ ደግሞ ፈሳሹ ይፈላል፤ እንፋሎት እንደ ፈሳሽ ሳይሆን እንደ ነፋስ ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል።

ፈሳሹ በስንት ሙቀት ይፈላል? ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም፤ ዶት 4 ከ230 በታች። ነገር ግን ይህ ፈሳሽ ከአየር ውስጥ ውሃ የሚጠጣ ነው። ውሃ ከጠጣ በኋላ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ልክ ለዶት 3 140፣ ለዶት 4 155 ዲግሪ ብቻ ነው። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚባለውም ስለዚህ ነው። ማጠራቀሚያው ሙሉ ስለ ሆነ ብቻ ለአሥር ዓመት ያልተቀየረ ፈሳሽ የያዘች ቮልስዋገን በከተማ ውስጥ ምንም ሳትታማ ትኖራለች፤ በሽታዋ የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ ነው።

እዚህ ላይ ሌላው የቋንቋችን ልማድ ያሳስበናል። ይህን ፈሳሽ «የፍሬን ዘይት» እንለዋለን፤ ዘይት ግን አይደለም። ስሙን አምኖ የሞተር ዘይት የሚጨምርበት ሰው ቢኖር ጎሚኒዎቹ አብጠው ይበላሻሉ፤ ፍሬኑ መጀመሪያ ይይዛል፣ ቆይቶ ያፈስሳል፤ ከዚያ በኋላ ጎሚኒዎቹንና የጎማ ቱቦዎቹን በሙሉ ከመለወጥ በቀር መፍትሔ የለውም።

ለፎርድ ፍርሃት የመጣው መልስ ሁለት የተለያዩ የፈሳሽ መስመሮችን ማድረግ ነው፤ አንዱ ሲቀደድ ሁለተኛው ይሠራል። በአሜሪካ ከጥር 1 ቀን 1968 ጀምሮ ይህ በሕግ ግዴታ ሆነ፤ ቮልስዋገንም ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ማድረግ ጀመረ። ለሙቀቱ የተገኘው መልስ ዲስክ ፍሬን ነው። ላንቸስተር የተባለው እንግሊዛዊ በ1902 የፈጠራ መብት ያወጣበት ቢሆንም፣ ዝናው የወጣው በ1953 ጃጓር በለ ማን ውድድር ካሸነፈበት በኋላ ነው። ዲስክ በግልጥ ነፋስ ላይ ስለሚዞር ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ሲግልም እንደ ታምቡር ከሸራው አይርቅም። ከ1966 ጀምሮ አንዳንድ ቮልስዋገኖች በፊት ጎማዎቻቸው ላይ ይህን አግኝተዋል፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ግን ባለ አንድ መስመርና ባለ አራት ታምቡር ናቸው። በእነዚህ መኪናዎች ላይ በእውነት ሊበጠስ የሚችል የፍሬን ዕቃ ቢፈለግ የእጅ ፍሬኑ ገመድ ነው፤ እርሱም የኋላዎቹን ሁለት ጎማዎች ብቻ ይይዛል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ነገር ለአደጋ መርማሪዎች የሚጠቅም ይመስለናል። ቧንቧ ወይም ጎሚኒ ተቀድዶ ከሆነ ፈሳሹ ፈስሶ፣ ጎማው በውስጥ በኩል ረጥቦ ይገኛል። የፈላ ፍሬን ግን ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ በማግሥቱ በፖሊስ ጣቢያ ግቢ ፔዳሉ ሲረገጥ ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ይይዛል። ያን ጊዜ «ፍሬን እምቢ አለኝ» ያለው ነጂ እንደ ውሸታም ይቆጠራል፤ ፈሳሹን ለብዙ ዓመት ያላስቀየረው ባለ ንብረት ደግሞ ሳይጠየቅ ያልፋል። ስለዚህ ፔዳሉን ረግጦ ከመፍረድ በፊት ታምቡሩ ተፈትቶ በግለት ሰማያዊ መምሰሉ ወይም መሰንጠቁ ይታይ፤ ከማጠራቀሚያው ጥቂት ፈሳሽ ተቀድቶ የያዘው ውሃ ይለካ፤ የፔዳሉ ዘንግ ክፍተት ይመርመር፤ መኪናው ሲገኝ ማርሹ በስንተኛ ላይ እንደ ነበረም በመዝገቡ ላይ ይጻፍ።