ዲግሪ ፍለጋ ባሕር የተሻገሩ ሴቶች

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 1920 በእንግሊዝ አገር፣ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የምረቃ አዳራሽ፣ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ጋውን ለብሰው ዲግሪ ተቀበሉ። ከእነሱ አንዷ በኋላ በወንጀል ምርመራ ልቦለዶቿ የታወቀችው ዶሮቲ ሴየርስ ናት። ትምህርቷን የጨረሰችው ግን በ1915 ነበር፤ ያውም በአንደኛ ደረጃ ማዕረግ። ለመመረቅ 5 ዓመት ጠበቀች።

ለምን? ኦክስፎርድ ሴቶችን ያስተምር ነበር፤ ይፈትንም ነበር። ማለፋቸውን ያውቃል። «ተመርቃለች» ብሎ በአደባባይ መናገር ግን አልፈለገም። ካምብሪጅም ያው ነው። በ1890 ፊሊፓ ፋውሴት በካምብሪጅ የሒሳብ ፈተና ወንዶቹን ሁሉ በለጠች። የአንደኝነቱ ማዕረግ ግን የተሰጠው ከእሷ ላነሰው ወንድ ነው። ዲግሪም አላገኘችም።

መላው የመጣው ከባሕር ማዶ ነው። በአየርላንድ የደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ በ1904 በሩን ለሴቶች ከፈተ። ሦስቱ ተቋማት ድሮም አንዱ የሌላውን ዲግሪ እንደራሱ የመቁጠር ልማድ ነበራቸው። ትሪኒቲ ይህንኑ ልማድ ለሴቶቹም አደረገላቸው። እስከ 1907 ድረስ 700 ያህል ሴቶች በመርከብ ተሻግረው ዲግሪያቸውን ይዘው ተመለሱ። «የእንፋሎት መርከብ እመቤቶች» የሚል ስም ወጣላቸው። ያስተማራቸው ሳይመርቃቸው፣ አንድ ቀን እንኳ ያልተማሩበት ኮሌጅ መረቃቸው።

«ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። ነገሩ ከወረቀት በላይ ነበር። በእነዚያ ዩኒቨርሲቲዎች ማስተርስ የያዘ ተመራቂ በዚያን ጊዜ በተቋሙ አስተዳደር ላይ ድምፅ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ የተፈራው የሴት መማር ሳይሆን አብሮ መወሰኗ ነው። ካምብሪጅ በ1921 ይህን በግልጽ አሳየ፦ የዲግሪውን ስም ሰጥቶ ድምፁን ከለከለ። ውጤቱ ያስፈነደቃቸው ወንድ ተማሪዎች ሄደው የሴቶቹን ኮሌጅ የኒውንሃምን በር በእጅ ጋሪ እየገጩ ሰባበሩት። ካምብሪጅ ሙሉ ዲግሪ የፈቀደው በ1948 ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሊከፈት 2 ዓመት ሲቀረው ማለት ነው።

በእኛ ቋንቋ መመረቅ መባረክም ነው። ምርቃት ደግሞ ሰው እየሰማ፣ ስም ተጠርቶ ይሰጣል። እነዚያ ሴቶች የተነፈጉት ይህንን ነው፤ ዕውቀቱንማ ይዘውታል።

እስኪ እናንተም መሥሪያ ቤታችሁን ተመልከቱ። ሥራውን የሚሠራው ማን ነው? ውሳኔ ሲሰጥ ድምፅ ያለውስ?