የአሮጌ ቤዝ ጊታር ዋጋ

ሊዮ ፌንደር ፕሪሲዥን የተባለውን ቤዝ ጊታር በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1951 ለገበያ ሲያቀርብ ያሰበው ለሠራተኛው ሙዚቀኛ እንጂ ለቅርስ ሰብሳቢ አልነበረም። ኩባንያው በ1965 ለሲቢኤስ በ13 ሚሊዮን ዶላር ከተሸጠ በኋላ ግን ጥራቱ ቀነሰ የሚል እምነት በማደሩ፣ ከዚያ በፊት የተሠሩት ዋጋቸው እየናረ ሄደ።

ቀድሞ ገዢው አንገቱን አስፈትቶ፣ ተረከዙ ላይ የሰፈረውን ቀን በዓይኑ አይቶ ይከራከር ነበር። ኢቤይ በ1995፣ ሪቨርብም በ2013 ከተቋቋሙ ወዲህ ግን ፎቶግራፍ አይቶ ገንዘብ መላክ ተለመደ። ብዙዎች የሚሳሳቱትም ሻጩ የጠራውን ዋጋ የገበያ ዋጋ አድርገው በመቁጠራቸው ነው፤ መታየት ያለበት በእርግጥ የተሸጠበት ሒሳብ ነው።

የመለያ ቁጥሩ ብቻውን አያስተማምንም። ብዙውን ጊዜ የተቀረጸው በአራት ብሎን በታሰረ ሳህን ላይ በመሆኑ፣ ሳህኑ ከአንዱ ጊታር ወደ ሌላው ሊዛወር ይችላል። ይልቅስ በድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ ላይ የታተመው ቁጥር እነርሱ የተሠሩበትን ዓመትና ሳምንት ስለሚያመለክት፣ የዚያን ፎቶግራፍ መጠየቅ ይበጃል።

እንደገና ቀለም የተቀባ መሣሪያ የዋጋውን ግማሽ ያህል ሊያጣ ይችላል። ድምፁ ግን፣ በበኩሌ፣ በዚያው መጠን ሲጎድል አልሰማሁም። ስለዚህ ለመድረክ የሚገዛ ባልደረባችን ሰብሳቢው የናቀውን ቢፈልግ አይከስርም።