ሆጋርዝ፦ የሆስፒታል ሰፈር ልጅ

ለዘንድሮው መጽሔት ከሕክምና ታሪክ አንድ ነገር ጻፊ ስባል የመረጥኩት ሐኪም ሳይሆን ሠዓሊ ነው፤ እንግሊዛዊው ስላቀኛ ዊልያም ሆጋርዝ። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1697 ለንደን ውስጥ፣ ከቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል አጠገብ ነው። የእኛው ሰፈር ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

አባቱ ሪቻርድ የላቲን መምህር ነበር። ምን እንደታየው እንጃ፣ ደንበኞች በላቲን የሚያወሩበት ቡና ቤት ከፈተ። (እስቲ አስቡት፣ ማኪያቶ በግዕዝ ማዘዝ!) ከሰረ። በዕዳ ተይዞ ፍሊት የሚባለው እስር ቤት ሲገባ ዊልያም ገና አሥር ዓመት ገደማው ነበር፤ አባትየው የተፈታው በ1712 ነው። ሆጋርዝ በኋላ ስለ ራሱ ሲጽፍ ይህን እስር አላነሳውም። በሥዕል ግን አመለጠው፤ የአባካኙን ወጣት ታሪክ በስምንት ሸራ ሲሥል ሰባተኛውን ያደረገው ያንኑ ፍሊትን ነው። ታሪክ የምንወስድ ሰዎች ይህን ዓይነቱን ዝምታ እናውቀዋለን።

በአሥራዎቹ አጋማሽ ኤሊስ ጋምብል ለሚባል የብር ቀራፂ ተለማማጅ ሆነ። ሥራው በብር ዕቃ ላይ የባላባቶችን አርማ መቅረጽ ነበር፤ አሰልቺ ነገር። ጊዜውን ሳይጨርስ ወጥቶ በ1720 የራሱን ሥራ ጀመረ። ቁጭ ብሎ መገልበጥ ስላልሆነለት መንገድ ላይ ያየውን ፊትና አቋም በአእምሮው ይዞ ቤት ገብቶ መሣልን ራሱን አስለመደ። እኛ ኢንስፔክሽን የምንለው፣ እጅ ሳይነካ በዓይን ብቻ የሚሠራው ምርመራ፣ ከዚህ ብዙ አይለይም።

የሳውዝ ሲ ኩባንያ አክሲዮን ወድቆ ስንቱ ሲራቆት፣ በ1721 ሕዝቡን ሽክርክሪት ላይ ጭኖ የሚያዞር የስላቅ ሥዕል ቀረጸ። ስም ያወጣለት ግን በ1732 የታተመው ባለ ስድስት ክፍል ታሪክ ነው፦ ከገጠር መጥታ ለንደን ውስጥ ሴተኛ አዳሪ የሆነች ልጅ። አምስተኛውን ፈልጋችሁ እዩት። ልጅቷ በቂጥኝ እየሞተች ነው፤ ሁለት ሐኪሞች «የኔ መድኃኒት ይሻላል» እያሉ ይጨቃጨቃሉ፣ ወንበር ሁሉ ተገልብጧል፣ አንዳቸውም አያዩዋትም። ራውንድ ላይ ይህ ያልገጠመው ካለ እጁን ያውጣ።

ከዚያ ሰፈሩ ያለው ሆስፒታል ደረጃውን ለማስዋብ ጣሊያናዊውን አሚጎኒን ሊቀጥር መሆኑን ሰማ። «እኔ በነፃ እሠራዋለሁ» አለ። ቤተ ሳይዳን በ1736፣ ደጉን ሳምራዊ በ1737 ጨረሰ፤ ሁለቱም እስከ ዛሬ እዚያው ደረጃ ላይ ናቸው። መጻጉዕን ከብበው የተቀመጡት በሽተኞች እውነተኛ ሕሙማን ስለሚመስሉ፣ ይኼ ሪኬትስ ነው፣ ያኛዋ ጃውንዲስ ናት እያሉ ሐኪሞች ሲከራከሩባቸው ኖረዋል። እኔም ሞክሬያለሁ፣ ሱስ ያስይዛል።

እኔን የሚይዘኝ ግን ሌላ ጥግ ነው። ቅዱስ ታሪክ እየሣለ እንኳ ስላቁን አልተወም፦ ለአንዲት ሀብታም ሴት መንገድ ለማስለቀቅ አሽከሯ፣ የታመመ ልጅ የታቀፈችን ድሃ እናት ከውኃው ዳር ገፍቶ ይመልሳል።