መሪውን የማይለቀው ባለ ጎፈሬ

ስሙኝማ! ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ጎፈሬያም የጣሊያን ጎረምሳ ነው። ማርኮ ሲሞንቼሊ ይባላል። እንጀራው የሞተር ሳይክል እሽቅድምድም ነበር። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸውና ሰባት ስምንት እየቀነሳችሁ አትድከሙ፤ ዝም ብላችሁ ተከተሉኝ።

ማርኮ የተወለደው ጃንዋሪ 20 ቀን 1987 ካቶሊካ በምትባል የአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። ያደገው ግን ከዚያው ብዙም በማትርቀው በኮሪያኖ ነው። አገሩ ሞተር ያበደበት አገር ነው። የዓለም ንጉሥ የነበረው ቫለንቲኖ ሮሲ እንኳ የወጣው ከዚያው ሰፈር፣ ከታቩሊያ ነው። እዚያ ልጆች የሚጀምሩት በትንንሽ ሞተር ነው፤ ከፍታዋ የትልቅ ሰው ጉልበት አይደርስም፤ የሚነዳት ልጅ ቁጢጥ ብሎ ጉልበቱን ወደ ጆሮው አጥፎ ነው። ማርኮ በዚህች ሞተር በ1999 እና በ2000 የጣሊያን ሻምፒዮን ሆነ። በ2002 በ125 ሲሲ የአውሮፓን ሻምፒዮና ወሰደ። በዚያው ዓመት፣ ገና በ15 ዓመቱ፣ ቼክ አገር፣ ብርኖ ላይ ከዓለም ሻምፒዮናው ተወዳዳሪዎች ጋር ተሰለፈ።

ይኼኔ ነው እንግዲህ ጣጣው የመጣው። ልጁ አደገ! አደገ ስላችሁ እንዲሁ አደገ አይደለም፤ ተመዘዘ። 1 ሜትር ከ83 ደረሰ። እናንተ ‘ታዲያ ቁመት ምን ነውር አለው?’ ትሉ ይሆናል። በሰው ፊት የለውም፤ በ125 ሲሲ ሞተር ላይ ግን አለው። የሞተሯ ጉልበት ትንሽ ነው፤ እያንዳንዱ ኪሎ ይከብዳታል። አጫጭሮቹ ልጆች ነዳጅ መያዣው ላይ ተለጥፈው ከመስታወቱ ጀርባ ሲሸሸጉ ነፋሱ በላያቸው ያልፋል። ማርኮ ግን ቢያጎነብስ ትከሻው ይወጣል፤ ትከሻውን ቢሰበስብ ክርኑ ይወጣል። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ነፋሱ ደረቱን እየገፋ ያስቀረዋል። ታዲያ በቀጥታው ያጣውን በኩርባው መመለስ ነበረበት። ሌላው ፍሬን ሲይዝ እሱ ገና አልያዘም፤ ሌላው ቦታ የለም ሲል እሱ ገብቷል። በኋላ ስሙን ያጠፋበት አነዳድ እንግዲህ በከፊል ከቁመቱ የመጣ ነው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

በ2004 ስፔን፣ ሄሬዝ ላይ ዝናብ ዘነበ። ዝናብ ሲዘንብ የሞተር ጉልበት ዋጋው ይቀንስና የእጅ ስሜት ዋጋው ይወጣል። ያ ረጅም ልጅ በዚያ በሚያንሸራትት አስፋልት ላይ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና ውድድር አሸነፈ። ሄሬዝን ያዙልኝ። በሚቀጥለው ዓመትም እዚያው ሄሬዝ ላይ ደገመው።

በ2006 ወደ 250 ሲሲ አደገ፤ ጂሌራ በሚባል ሞተር። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ውድድር አላሸነፈም፤ ሁለቱንም ዓመት አሥረኛ ሆኖ ጨረሰ። በ2008 ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ውድድሮች ያለ ምንም ነጥብ ቋጨ። ሰው ሁሉ ‘በቃ፣ ይኼ ልጅ ፀጉር ብቻ ነው’ ሊል ሲል ሙጄሎ ላይ፣ በአገሩ ሕዝብ ፊት፣ አሸነፈ። ድሉ ያለ ሐሜት አልቀረም፤ በቀጥታው መንገድ ላይ ከስፔናዊው ሄክተር ባርቤራ ጋር ተነካክተው ባርቤራ ወድቆ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ማን ያቁመው! በዚያ ዓመት ስድስት ውድድር አሸነፈ። ኦክቶበር 19 ቀን 2008 ማሌዥያ ውስጥ ሴፓንግ ላይ ሦስተኛ ሆኖ ሲገባ፣ ስፔናዊውን አልቫሮ ባውቲስታን አስከትሎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ዕድሜው 21 ነበር። ሴፓንግንና ባውቲስታንም ያዙልኝ።

በ2009 ውድድሩ ሊጀመር ሲል እጁ አንጓው ላይ ተሰበረ፤ የመጀመሪያው ውድድር አመለጠው። ተመልሶ ስድስት ጊዜ አሸነፈ፤ ዘውዱን ግን አላስጠበቀም፤ ሦስተኛ ሆነ። የ250 ሲሲ ምድብም በዚያው ዓመት ተዘጋ። በ2010 ማርኮ ወደ ዋናው ምድብ፣ ወደ ሞቶ ጂፒ ወጣ። የወሰደው የፋውስቶ ግሬሲኒ ቡድን ነው፤ ሞተሩ ሆንዳ፣ ቁጥሩ 58። ግሬሲኒ ራሱ በ125 ሲሲ ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው። ሐዘንም ያውቃል፤ በ2003 ጃፓናዊው ዳይጂሮ ካቶ በዚሁ ቡድን እየተወዳደረ ሳለ ሱዙካ ላይ ወድቆ ሕይወቱ አልፏል። ማርኮ በመጀመሪያው ዓመቱ ስምንተኛ ሆነ። ለጀማሪ መጥፎ አይደለም።

2011 ግን ሌላ ነው። ሆንዳ ለፋብሪካው ልጆች የሚሰጠውን ሞተር ለእሱም ሰጠው። ፈጠነ። ሲፈጥን ደግሞ መውደቅ አበዛ፤ አንዳንዴም ሰው ይዞ ይወድቃል። ፖርቱጋል ላይ ከውድድሩ በፊት ጋዜጠኞች በተሰበሰቡበት፣ የዓለም ሻምፒዮኑ ሆርሄ ሎሬንሶ ‘አነዳድህ አደገኛ ነው፤ ወደፊት አንድ ነገር ቢደርስ ችግር ይሆናል’ ብሎ ፊት ለፊት ነገረው። ማርኮም ‘እንግዲያው እታሰራለኋ!’ ብሎ ቀለደ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ሎሬንሶ ግን አልሳቀም።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ፈረንሳይ፣ ለማን ላይ ማርኮ ዳኒ ፔድሮሳን በውጭ በኩል አልፎ ፊቱ ገባበት። ፔድሮሳ መሬት ላይ ተዘረረ፤ ከአንገቱ ሥር ያለው አጥንት ተሰበረ። ዳኞቹ ማርኮን በመጠገኛው መስመር በኩል በዝግታ እንዲያልፍ ቀጡት፤ እንዲያም ሆኖ አምስተኛ ገባ። አጥንት የተሰበረበት ሰው ግን ስፔናዊ ነው፤ ቀጣዩ ውድድር ደግሞ ስፔን፣ ባርሴሎና አጠገብ! ማርኮ የግድያ ዛቻ ደርሶት በጠባቂ ታጅቦ ገባ። ተመልካቹ ጮኸበት። እሱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በማጣሪያው አንደኛ ወጣ። በሞቶ ጂፒ ከሁሉ ፊት ቆሞ ሲነሳ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። በውድድሩ ግን ስድስተኛ። ከዚያ ሆላንድ፣ አሰን ላይ እንደገና አንደኛ ሆኖ ተነሳ፤ በመጀመሪያው ዙር ወደቀ፤ ይዞ የወደቀው ማንን ቢሆን ጥሩ ነው? ያንኑ ሎሬንሶን!

በእኛ አገር ‘ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም’ ይባላል። ማርኮን የሚወቅሱትም ነገራቸው ይኸው ነበር። ቦታ ይዞ አይለቅም፤ ሞተሩ ሲንሸራተት እንኳ መሪውን አይለቅም። ሌላው ሰው ‘ወደቅኩ’ ብሎ እጁን የሚሰጥበትን መንሸራተት እሱ በጉልበቱና በክርኑ እየደገፈ ይመልሰዋል። ለወዳጆቹ ይኼ ጀግንነት ነው፤ ለጠላቶቹ እብደት። ሞተሩ ግን አንድ ነው፤ እጁም አንድ ነው።

ደግነቱ ልጁ መማር ጀመረ። ኦገስት ላይ፣ በ15 ዓመቱ በጀመረበት በብርኖ፣ ሦስተኛ ሆኖ በሞቶ ጂፒ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ወጣ። ኦክቶበር 16 አውስትራሊያ፣ ፊሊፕ አይላንድ ላይ ሁለተኛ ሆነ፤ እሱን የቀደመው የዓመቱ ሻምፒዮን ኬሲ ስቶነር ብቻ ነው። አሁን የቀረችው አንዲት ደረጃ ናት። ሰዉም ጊዜውን እንጂ ነገሩን አልተጠራጠረም።

ቀጣዩ ሳምንት ሴፓንግ ነው። አዎ፣ ያዙልኝ ያልኳችሁ ሴፓንግ። እሑድ፣ ኦክቶበር 23 ቀን 2011። ውድድሩ ተጀመረ። በሁለተኛው ዙር ማርኮ ለአራተኛ ደረጃ እየታገለ ነው። ከማን ጋር? ከአልቫሮ ባውቲስታ ጋር፤ ያኔ በ2008 እዚያው ሴፓንግ ላይ ዘውዱን ከወሰደበት ሰው ጋር። ወደ ቀኝ የሚዞር ኩርባ ላይ ሞተሩ ተንሸራተተ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። ሞተር በኩርባ ላይ ሲንሸራተት ብዙ ጊዜ ነጂውን ይዞ ወደ ውጭ ይሄዳል። ከመንገዱ ይወጣል፤ ጠጠሩ ላይ ይቆማል። ነጂው አቧራውን አራግፎ ይነሳል። ከኋላ የሚመጡትም በሰላም ያልፋሉ። የማርኮ ሞተር ግን ወደ ውጭ አልሄደም። ጎማው አስፋልቱን እንደገና ያዘና ሞተሩ ወደ ውስጥ ታጠፈ፤ ማርኮን በጎኑ እንዳንጠለጠለ መንገዱን አቋርጦ ከኋላ በሚመጡት ፊት ገባ። ምስሉን ያዩ ብዙዎች እስከ መጨረሻው ሞተሩን ለማንሳት ሲታገል ነበር ይላሉ፤ እጁ መሪውን አልለቀቀም። ከኋላው የነበሩት አሜሪካዊው ኮሊን ኤድዋርድስና ቫለንቲኖ ሮሲ ናቸው፤ ሮሲ ማለት የጎረቤቱ ልጅ፣ ወዳጁ፣ አብሮት የሚለማመደው። ማምለጫ አልነበራቸውም። መቱት። የራስ ቁሩ ከራሱ ወልቆ አስፋልቱ ላይ ተንከባለለ። ቀይ ባንዲራ ወጣ፤ ውድድሩ ተሰረዘ። ብዙም ሳይቆይ ማርኮ ማረፉ ተነገረ። 24 ዓመቱ ነበር። አባቱ ፓኦሎ እዚያው ነበሩ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ከውድድር ውድድር ይዘውት የዞሩት እሳቸው ናቸው።

ኮሪያኖ ልጇን በሺዎች ወጥታ ቀበረች። አስከሬኑ አጠገብ ሁለት ሞተር ቆሞ ነበር፤ ሻምፒዮን የሆነበት ጂሌራና የመጨረሻው ሆንዳ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ቫሌንሲያ ላይ ተደረገ። የትም አገር እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ደቂቃ ዝም ይባላል። ፓኦሎ ግን ‘ለእኔ ልጅ ዝምታ አይሆንም፤ ጩኸት ይሁንለት’ የሚል ነበር ልመናቸው። የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ኬቨን ሽዋንትዝ በማርኮ ሞተር ላይ ወጥቶ ከፊት መራ፤ የሦስቱም ምድብ ተወዳዳሪዎች ተከትለውት ሜዳውን ዞሩ። ከዚያ ሞተሩ ሁሉ ባንዴ ጮኸ፤ ርችት ተተኮሰ። እኛም ብንሆን ጀግና ሲሞት ለቅሶው ላይ ፎክረን፣ ጥይት ተኩሰን የለ? ነገሩ ይገባናል። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ቫሌንሲያ ስፔን ናት። ጁን ላይ የስፔን ተመልካች ጮኾበት ነበር፤ ኖቬምበር ላይ የስፔን ተመልካች ጮኸለት።

ከዚያ ወዲህ ከቤቱ ብዙም የማይርቀው የሚዛኖ የውድድር ሜዳ በስሙ ተሰየመ። በ2016 ቁጥር 58 ከሞቶ ጂፒ ጡረታ ወጣ፤ በዚያ ምድብ ማንም አይለጥፈውም። ኮሪያኖ ውስጥ በሞተር ጭስ ማውጫ መልክ የተሠራ ሐውልት አለ፤ እሑድ እሑድ ለ58 ሰከንድ እሳት ይተፋል።

ይኼ ሁሉ ግን የድንጋይና የቁጥር ነገር ነው። እኔን የሚገርመኝ የአባትየው ነገር ነው። ያ ሰው የሞተር ድምፅ ሁለተኛ አልሰማም ብለው ቤታቸውን ቢዘጉ ማን ይፈርድባቸው ነበር? አልዘጉም። ‘ሲክ 58’ የሚባል፣ በልጃቸው ቅጽል ስምና ቁጥር የተሰየመ ቡድን አቋቁመው የሌላ ሰው ልጆችን ማሠልጠን ጀመሩ፤ በ2017 ከነቡድናቸው በትንሹ ምድብ፣ በሞቶ 3፣ የዓለም ሻምፒዮና ገቡ። እንደገና በዚያው ግቢ፣ በዚያው ጩኸት መሐል፣ ወጣት ልጆች ከኩርባ ሲወጡ ቆመው ይጠብቁ ጀመር። እያንዳንዷ ቅዳሜና እሑድ ምን ታስከፍላቸው እንደነበር እሳቸውና ፈጣሪ ያውቃሉ።

በ2019 ኒኮሎ አንቶኔሊ ለቡድኑ የመጀመሪያውን ድል አመጣ፤ ጃፓናዊው የቡድን ጓደኛው ታትሱኪ ሱዙኪ ተከትሎት ሁለተኛ ሆነ። የት? ሄሬዝ ላይ! ማርኮ በ2004 በዝናብ የመጀመሪያውን ድሉን ያገኘባት ሄሬዝ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ ያ ሱዙኪ በተራው የመጀመሪያውን ድሉን አገኘ፤ ይኼኛው ሚዛኖ ላይ፣ የማርኮ ስም በተጻፈበት ሜዳ። ይኼን ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢጽፈው ‘አበዛኸው’ እንለው ነበር።

እንግዲህ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ። ማርኮ ጀግና ነበር ወይስ ግዴለሽ? እኔ ሁለቱንም ነበር ባይ ነኝ፤ 24 ዓመት ደግሞ ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ አይበቃም። ያ የያዘውን ያለመልቀቅ ነገር ግን ከየት እንደመጣበት ለማወቅ ወደ ሩቅ አልሄድም፤ አባቱን አይቼ ይበቃኛል። ልዩነቱ አባትየው የያዙት የሌላ ሰው ልጅ መሆኑ ነው።