የአዲስ ቅዳም ዛፍ ተዳከመ ወይስ ሳተላይቱ ተቀየረ?

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ የሚወስደውን አስፋልት የሚያውቅ ሰው አዲስ ቅዳምን በሁለት ነገር ያስታውሳታል፦ በዲከረንስ ዛፍና መንገድ ዳር በተደረደረ የከሰል ማዳበሪያ። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክላል፣ በ4 ወይም በ5 ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ያከስላል፣ ከዚያ መልሶ ይተክላል። ከ2020 አካባቢ ወዲህ ግን ዛፉን የሚጎዳ ዝገት መሰል ፈንገስ መጣበት (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ጥያቄው እንግዲህ የኪስ ጥያቄ ነው፤ ይሄ ደን ሲመታ መልሶ ይነሳል ወይ? ሳተላይት ይነግረናል ይባላል። እስቲ እንየው።

▪️ የማገገም አቅም ምንድነው?
አረንጓዴ መሆን ብቻ አይደለም። ድርቅ ወይም በሽታ ሲመታው ደኑ ምን ያህል ቶሎ ወደነበረበት ይመለሳል የሚለው ነው። ሁለት ጫካ እኩል ለምልሞ አንዱ በወራት፣ ሌላው በዓመታት ሊያገግም ይችላል።

▪️ ከሰማይ እንዴት ይለካል?
ሳተላይቱ ከቅጠል የሚመለሰውን ብርሃን አይቶ የልምላሜ ቁጥር ይሰጣል። የክረምትና የበጋው ልዩነት ከተቀነሰ በኋላ ሁለት ምልክት ይታያል። አንደኛው፣ የዚህ ወር ቁጥር ያለፈውን ወር ምን ያህል ይመስላል የሚለው ነው። ማገገም ሲዘገይ ያለፈው ጉዳት ወደ ቀጣዩ ወር ስለሚጎተት መመሳሰሉ ይጨምራል። ሁለተኛው ውዝዋዜው ነው፤ ደኑ ሲዳከም ይሰፋል።

▪️ ታዲያ ችግሩ የት ነው?
ረጅም ታሪክ ለማግኘት የብዙ ሳተላይቶች መረጃ ይቀጣጠላል። ላንድሳት 5 በ1984 መጠቀ። ላንድሳት 7 በ1999 መጥቆ በ2003 አንድ መሣሪያው ስለተበላሸ ምስሉ ላይ ባዶ መስመሮች መታየት ጀመሩ። ላንድሳት 8 በ2013፣ ሴንቲነል 2 በ2015፣ ላንድሳት 9 በ2021 ተከተሉ።

በስልካችሁ አስቡት። የ2010 ፎቶና የዘንድሮው ቢለያዩ ፊታችሁ ነው የተለወጠው ወይስ ካሜራው? የድሮው መሣሪያ ብዙ ስህተት ስላለው ቁጥሩ ከወር ወር ዝም ብሎ ይዘላል። አዲሱ ጥራት ሲጨምር ዝላዩ ይቀንሳል፣ ወራቱም ይበልጥ ይመሳሰላሉ። በቃ፣ ዛፉ ምንም ሳይሆን «ተዳከመ» የሚል ውጤት ይወጣል! ውዝዋዜውን ብቻ ያየ ደግሞ «ጠነከረ» ይላል። በ2023 ቴይለር ስሚዝና ባልደረቦቹ ያሳዩት ይህንኑ ነው።

▪️ የትኛውን ውጤት እንመን?
1. ሁለቱም ምልክቶች አብረው ከጨመሩ መዳከሙ የሚታመን ነው። አንዱ ወጥቶ ሌላው ከወረደ መጀመሪያ መሣሪያውን እንጠርጥር።
2. ለውጡ በአንድ ሳተላይት መረጃ ብቻም ይታያል ወይ?
3. ለውጡ የጀመረው አዲስ ሳተላይት በገባበት ዓመት ነው ወይ?

▪️ ለአዲስ ቅዳም ሲሆን
እዚህ ሌላ ነገርም አለ። ገበሬው ሲቆርጥም ቁጥሩ ይወርዳል፣ ፈንገሱ ሲመታም ይወርዳል። ማሳው ትንንሽ ነው፤ 250 ሜትር በ250 ሜትር በሚያይ መሣሪያ የተቆረጠው፣ የታመመውና ጤነኛው አንድ ላይ ይደባለቃሉ። የሴንቲነል 2 10 ሜትር ይሻላል፣ ግን ታሪኩ አጭር ነው፤ በክረምት ደግሞ ደመናው አለ። ስለዚህ መቼ እንደተተከለና መቼ እንደተቆረጠ የሚያውቀው ገበሬ ካልተጠየቀ የሳተላይቱ ቁጥር ግማሽ መልስ ነው። በሐሰት «ደህና ነው» ከተባለ ሁሉም ያንኑ አንድ ዛፍ መልሶ ይተክላል፤ በሐሰት «አለቀለት» ከተባለ ደግሞ የቤተሰብ ገቢ ያለምክንያት ይነቀላል።

ቀጣዩን የሳተላይት ካርታ ስታዩ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ በስንት መሣሪያ ተለካ?