ሳይለካ የጠፋ ባቡር

ዘንድሮ ስለ ትንንሽ ባቡሮች ታሪክ ልጽፍላችሁ ነው። በጠረጴዛ ላይ፣ በምድር ቤት፣ በትርፍ ክፍል ውስጥ በተዘረጋ ሐዲድ ላይ ስለሚሄዱት። «ይሄማ የልጅ ጨዋታ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ፤ አልፈርድባችሁም፣ ሲጀመር የልጅ ጨዋታ ነበርና። ነገር ግን ትልልቆቹ የእንፋሎት ባቡሮች ከዓለም ሐዲዶች ላይ እየጠፉ ሲሄዱ፣ መልካቸውን፣ ልካቸውንና አሠራራቸውን መዝግበው ካቆዩት ሰዎች መካከል እነዚህ «ተጫዋቾች» ይገኙበታል። በመጨረሻ ወደ እኛው ለገሃርና ድሬዳዋ እመለሳለሁ፤ እዚያ የሚጠብቀን ሥራ አለ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው ከቆርቆሮ ነው። በደቡብ ጀርመን በጎፒንገን ከተማ ቴዎዶር ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ሜርክሊን የሚባል ቆርቆሮ ሠሪ በ1859 ለአሻንጉሊት ቤት የሚሆን የማድ ቤት ዕቃ መሥራት ጀመረ። ባለቤቱ ካሮሊን ዕቃውን ይዛ ከከተማ ከተማ እየዞረች ትሸጥ ነበር። የቤተሰቡ ድርጅት በ1891 በላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ላይ አንድ አዲስ ነገር ይዞ ቀረበ፦ የሐዲዱ ስፋት በቁጥር የተወሰነ፣ ዘንድሮ የተገዛው ከርሞ ከሚገዛው ጋር የሚገጥም መጫወቻ ባቡር። ትልቁ ለውጥ ያ ነበር። ልክ ከተወሰነ በኋላ መጫወቻው እያደገ የሚሄድ ሥርዓት ሆነ፤ አባት የጀመረውን ልጅ መቀጠል ቻለ።

ያም ሆኖ ባቡሩ ገና «ባቡር የሚመስል» ነገር እንጂ የአንድ የታወቀ ባቡር ምስል አልነበረም። ይህን የለወጡት እንግሊዞች ናቸው። የኖርዝሃምፕተኑ ነጋዴ ባሴት ሎክ በ1900 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ የጀርመኖቹን የእጅ ሥራ አይቶ ተደነቀ። ጀርመኖቹ በእንግሊዝ አገር የሚሄዱትን ባቡሮች እየመሰሉ እንዲሠሩለት ተስማማ፤ ሄንሪ ግሪንሊ የተባለ መሐንዲስም ንድፉን ያወጣለት ጀመር። ከዚያ ወዲህ ገዢው «ባቡር ስጠኝ» ብቻ አይልም፤ «የትኛውን ባቡር?» የሚል ጥያቄ መጣ።

ቀጥሎ ባቡሩ አነሰ። 32 ሚሊ ሜትር ስፋት የነበረው «ዜሮ» የሚባለው ሐዲድ ወደ ግማሽ፣ ወደ 16.5 ሚሊ ሜትር ወረደና «ኤች ኦ» ተባለ፤ ግማሽ ዜሮ ለማለት ነው። የዚህ ስኬል 1 ለ 87 ነው። ተራ ሰው በተራ ቤቱ ውስጥ ከነጣቢያው፣ ከነድልድዩ፣ ከነተራራው ሙሉ መስመር መዘርጋት የቻለው ከዚህ በኋላ ነው። እንግሊዞች ግን ችግር ገጠማቸው። የእነሱ ባቡሮች ከአሜሪካና ከሌላው አውሮፓ ባቡሮች ጠበብ ያሉ ስለሆኑ፣ የዚያን ጊዜው ሞተር አካሉ ውስጥ አልገባ አለ። ምን አደረጉ? አካሉን ወደ 1 ለ 76 አሳደጉትና ሐዲዱን እዚያው 16.5 ላይ ተዉት። ይኸው እስከ ዛሬ አብዛኛው የእንግሊዝ ሞዴል ባቡር፣ ወፍራም ሰው በልጅነት ጫማው እንደቆመ ሁሉ፣ በጠባብ ሐዲድ ላይ ይሄዳል።

ፋብሪካው የሚሸጠው ባቡር ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነው። የትርፍ ጊዜ ሠሪው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። እኔ በሙያዬ ሐኪም ነኝ፤ ማታ ማታ ግን በዚሁ ወረንጦና ምላጭ በለመደ እጄ የምሠራው ይህንን ነው። በፕላስቲኩ አካል ላይ አብሮ የተቀረጸው የእጅ መያዣ በምላጭ ይላጣል፤ በቦታው ከግማሽ ሚሊ ሜትር በቀጠነ መሰርሰሪያ ቀዳዳ ይበጃል፣ የነሐስ ሽቦም ይገባበታል። የጭስ መውጫው ቁመት ካልሆነ ተቆርጦ ይቀየራል። በቦይለሩ ጎን የሚለጠፈው የአየር ፓምፕ፣ ፊት ላይ ያለው መብራት፣ የውሃ ቱቦዎቹ አንድ በአንድ ይጨመራሉ። ከዚያ ቀለም፤ በቀለሙ ላይ ደግሞ ጥላሸት፣ ዝገትና የውሃ ነጠብጣብ የተወው ነጭ ምልክት። እውነተኛ የእንፋሎት ባቡር ንጹሕ ሆኖ አይውልማ።

ድምፁም ዕውቀት ይጠይቃል። በሁለት ሲሊንደር የሚሠራ የእንፋሎት ባቡር መንኮራኩሩ አንዴ በዞረ ቁጥር አራት ጊዜ ይተነፍሳል፤ እያንዳንዱ ፒስተን ሲሄድም ሲመለስም ይገፋልና። ብዙዎቹ ባለ ሦስት ሲሊንደሮች ደግሞ ስድስት ጊዜ ይተነፍሳሉ። ዛሬ ባቡሩ ውስጥ በሚቀመጥ ትንሽ ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳና ድምፅ ማጉያ ይህን ምት ከመንኮራኩሩ ጋር ማስማማት ይቻላል። የልብ ምት ማዳመጥ የለመደ ጆሮ ሳይገጥም ሲቀር ወዲያው ያውቀዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ ባቡሩ መቼ እንዲህ ነበር? ሁለት ባቡሮች ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ዓመት ቢወጡም፣ አሥር ዓመት ከሠሩ በኋላ መንትያ መሆናቸው ይቀራል። አንዱ ቦይለር ተቀይሮለታል፤ ሌላው ተጋጭቶ ፊቱ ተጠግኗል፤ ሦስተኛው ከሰል ትቶ ዘይት ማንደድ ጀምሯል። የቀዶ ጥገና ጠባሳ የሌለው ሽማግሌ ስንቱ ነው? ስለዚህ ጥሩ ሞዴል የአንድ ባቡር ብቻ ሳይሆን የአንድ ባቡር የአንድ ዘመን ምስል ነው። ያንን ለማግኘት ፎቶግራፍ፣ የፋብሪካ ንድፍ፣ የጋራዥ መዝገብና የሠራተኛ ትዝታ ያስፈልጋል። እኛ ሐኪሞች «ካርዱ ላይ ያልተጻፈ አልተደረገም» እንላለን፤ ሞዴል ሠሪዎችም ካርድ ፈላጊዎች ናቸው።

መዝገብ ምን እንደሚያደርግ ሦስት ታሪኮች ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው የካሊፎርኒያው ፎቶግራፍ አንሺ ጆን አለን ነው። ሞንቴሬይ ከተማ በሚገኘው ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ለዓመታት አንድ ግዙፍ የቤት ሐዲድ ሠራ። ስሙን «ጎር ኤንድ ዳፌቲድ» አለው፤ በእንግሊዝኛ ጮክ ተብሎ ሲነበብ «ደም የለበሰና ድል የተመታ» የሚል ቀልድ ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ ተራራ ነበረው። ባቡርንና ሕንፃን ሆን ብሎ ማስረጀትን፣ ማቆሸሽንና ማዝገትን ለብዙዎች ያስተማረ እሱ ነው። በ1973 በድንገተኛ የልብ ሕመም ሞተ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ቤቱ እሳት ተነስቶበት ያ ሁሉ ሥራ ጠፋ። ዛሬ ሠሪዎች አሁንም የሚማሩበት ከምንድን ነው? ከፎቶዎቹ። አለን በሙያው እያንዳንዱን ጥግ ሲያነሳ ኖሯል፤ በመጽሔትም አሳትሟል። ዕቃው ተቃጠለ፣ መዝገቡ ቀረ።

ሁለተኛው በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድሺር ውስጥ ነው። ሮይ ኢንግላንድ የተባለ ወጣት በ1920ዎቹ ከአውስትራሊያ መጣ። የመጣው ባቡር ወዶ ነው፤ ነገር ግን በባቡሩ ዙሪያ የነበሩት የሣር ክዳን ያላቸው የገጠር ቤቶች ክዳናቸው እየተነሳ በዘመናዊ ነገር ሲተካ አየ። ማስቆም አልቻለም። መለካት ግን ቻለ። ቤቶቹን እየለካ፣ ፎቶ እያነሳ በትንሹ መልሶ ሠራቸው፤ ለሣር ክዳኑም የሰው ፀጉር ጥቅም ላይ ውሏል። ከእሱ ሥራ የተነሳ በ1954 ፔንደን የሚባል ሙዚየም ተመሠረተ። ሐዲድን በሙሉ መልክዓ ምድር ውስጥ በማስቀመጥ ፈር ቀዳጅ የነበረው የጆን አኸርን «ማደር ቫሊ» የተባለ የቤት ሐዲድም ዛሬ እዚያው ይጠበቃል።

ሦስተኛው ከሁሉም ያስገርመኛል። እንግሊዞች በ1948 እና በ1949 ኤ ዋን የሚባል ዓይነት 49 የእንፋሎት ባቡሮች ሠሩ። እስከ 1966 ሁሉም ከሥራ ወጥተው ተቆራረጡ፤ አንድም እንኳ ለቅርስ አልተረፈም። በ1990 የተሰባሰቡ ሰዎች አምሳኛውን እንሥራ አሉ። ማን ያምናቸዋል? ነገር ግን የድሮው ንድፍ በዮርክ ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በዚያ ንድፍ ተመርተው፣ ከሕዝብ ገንዘብ እያሰባሰቡ፣ ቦይለሩን በጀርመን አሠርተው በ2008 «ቶርኔዶ» የተባለውን ባቡር ሐዲድ ላይ አወጡት። ይህ ሞዴል አይደለም፤ ሙሉ ባቡር ነው። በ2017 በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ደርሷል። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ ገንዘቡም ፍላጎቱም ብቻውን አይበቃም ነበር።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። አጼ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መስመር ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተነሳ፤ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ ሌላ ተተክቶ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። መስመሩ ወደ ሐረር ተራራ ስላልወጣ ድሬዳዋ የሚባል ከተማ ተወለደ። ጣቢያ በፈረንሳይኛ «ላ ጋር» ስለሚባል አዲስ አበባ ለገሃርን አገኘች።

የእኛ ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። በ1 ለ 87 ስሌት 11.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ለስዊስ የተራራ ባቡሮች ሞዴል ተብሎ በገበያ የሚሸጠው 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ለእኛም ይሆናል ማለት ነው። ርዝመቱ ግን ያስቃል፦ 784 ኪሎ ሜትሩ በዚሁ ስኬል 9 ኪሎ ሜትር ይወጣዋል። ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ እስከ አዲስ አበባ ያለው ከፍታ 27 ሜትር፣ ማለትም ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ያህል ይሆናል። አራት ሜትር ርዝመት ያለው ሳሎን የሚችለው 348 ሜትር መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ ሠሪው ይመርጣል፦ አንድ ጣቢያ፣ አንድ ድልድይ፣ አንድ የውሃ ማጠራቀሚያ ታንከር። ለመምረጥ ደግሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። የእንፋሎት ባቡሮቻችን የተሠሩት አውሮፓ ስለሆነ የመጀመሪያ ንድፋቸው እዚያው በየቤተ መዛግብቱ ሊፈለግ ይችላል። ድሬዳዋ ጋራዥ ውስጥ የተደረገላቸው ግን አውሮፓ አይገኝም። የትኛው ክፍል ተሰብሮ እንዴት ተበየደ? መለዋወጫ ሳይመጣ ሲቀር በምን ተተካ? የበረሃው አሸዋና ጨዋማ ውሃ ቦይለሩን ምን አደረገው? ይህንን የሚያውቁት እጃቸውን ያስገቡት ሠራተኞች ናቸው። በ1950ዎቹ የናፍጣ ባቡር መግባት ሲጀምር የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ዕድሜው ሰማንያ አምስትንም ያልፋል። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚሄደው 1,435 ሚሊ ሜትር በሆነ ሐዲድ ላይ ነው፤ የድሮው ባቡርና ፉርጎ በዚያ መሄድ አይችልም። አሮጌ ብረት ደግሞ ዋጋ አለው፤ ብረት ገዢ አይጠፋም።

«ይህ የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው ወይ?» ለሚሉ መምህራን አንድ ነገር ላስታውስ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1946 የተማሪዎች የሞዴል ባቡር ክበብ ተመሠረተ። የሐዲዱን መቀያየሪያዎች በስልክ መለዋወጫዎች ሲቆጣጠሩ የነበሩት ልጆች፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ተቋሙ ኮምፒውተር ሲያገኝ ፊተኞቹ ተሰላፊዎች ሆኑ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው «ሀከር» የሚለው ቃል የመጣው ከዚያ ክበብ መንደር ነው። ጨዋታውን ማን ናቀው?

የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። መካኒካል መሐንዲሶች፣ ሜትርና ካሊፐር ይዛችሁ አንድ ባቡር ወይም አንድ ፉርጎ ለኩ፤ ከጎን፣ ከፊት፣ ከኋላ ቀጥ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፤ በፎቶው ውስጥ ልኩ የታወቀ እንጨት ይቁም። አርክቴክቶች፣ ከየጣቢያው አንዱን ያዙ። የታሪክና የቋንቋ ሰዎች፣ ጡረተኞቹን ቁጭ ብላችሁ ስሟቸው፤ ጋራዡ ውስጥ ለእያንዳንዱ ዕቃ የነበራቸውን ስም ከእነ ፈረንሳይኛው መዝግቡ። እኛ ሐኪሞችም ስለ ጆሯቸውና ስለ ሳንባቸው እንጠይቃቸው፤ ቦይለር አጠገብ ያለፈ ዕድሜ በሰውነትም ላይ ይጻፋል። መምህራን ደግሞ ይህን ለመመረቂያ ሥራ ርዕስነት ብትሰጡልን አንድ ዓመት ይበቃል።

ሞዴሉን እኔም ሌሎችም በየቤታችን እንሠራዋለን፤ እሱ ይደርሳል። የማይደርሰው ልኩ ነው። ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተዉልኝ፤ መቼ ወደ ድሬዳዋ እንደምንወርድ እዚያው እንነጋገራለን።